ቶማስ ሚጅሊና የሞተር ማንኳኳት

ከጨፋ ሮቢት ወደ አዲስ አበባ በቤንዚን መኪና የተጓዘ ሰው ይህን ድምፅ ሳይሰማው አልቀረም። የጨፋ ሜዳ አልቆ፥ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ጣርማ በር መውጣት ሲጀመር፥ ሾፌሩ ጭነት የበዛበትን መኪና ማርሽ ሳይቀንስ ቢገፋው ሞተሩ ጠጠር እንዳለበት ጣሳ ይንኳኳል። ይህን ድምፅ ጸጥ ያሰኘው ሰው ማን እንደ ነበረና ምን ትቶልን እንዳለፈ ለጓደኞቻችን ልንተርክ ወደድን። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን ነገሩን እናስረዳ። ካንዴላው ብልጭ ሲል እሳቱ ከአንድ ወገን ተነሥቶ በሲሊንደሩ ውስጥ በሥርዓት መስፋፋት አለበት። ሙቀትና ግፊት ሲበዛ ግን እሳቱ ገና ያልደረሰበት ቤንዚን በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ይህ ሲደጋገም የፒስተኑ አናት ይቦረቦራል፤ ቀለበቶቹ ይሰበራሉ፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል።

ቶማስ ሚጅሊ በ1889 ዓ. ም. በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ተወለደ። በ1911 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ፥ በ1916 በዴይተን ከተማ ከቻርልስ ኬተሪንግ ዘንድ ሥራ ያዘ። ኬተሪንግ የሠራው የባትሪ ማቀጣጠያ ሞተርን ያስንኳኳል እየተባለ ይታማ ስለ ነበር፥ ምክንያቱን እንዲፈልግ ለሚጅሊ አዘዘው። ሚጅሊም ጥፋቱ የነዳጁ እንጂ የማቀጣጠያው እንዳልሆነ አሳየ።

ከዚያ በኋላ፥ ነዳጁ ቀይ ቢሆን ሙቀትን ቶሎ ይቀበላል ብሎ አሰበና ሌላ ቀለም ቢያጣ አዮዲን ጨመረበት። ማንኳኳቱ ቀነሰ። ሌሎች ቀይ ቀለሞችን ሲሞክር ግን ምንም አልረዱትም። ግምቱ ስሕተት፥ ውጤቱ ግን እውነት ነበረ። እንዲህ እየፈተነ ቆይቶ፥ በ1921 ዓ. ም. በዲሴምበር 9 ቀን ቴትራኤቲል ሌድ የሚባለው የእርሳስ ውሑድ ድምፁን ፈጽሞ እንደሚያጠፋ አገኘ። ለሺህ እጅ ቤንዚን አንድ እጅ እንኳ አያስፈልግም ነበር። በ1923ም ገበያ ላይ ዋለ።

እርሳስ መርዝ መሆኑ ግን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በዚያው በ1923 መግቢያ ሚጅሊ ራሱ በእርሳስ ታሞ ለማገገም ወደ ፍሎሪዳ ሄዷል። በኦክቶበር 1924 በኒው ጀርሲ በሚገኝ ፋብሪካ 5 ሠራተኞች በዚሁ ውሑድ ተመርዘው፥ አእምሮአቸው ታውኮ ሞቱ። ሚጅሊ ግን በዚያው ወር በጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ፈሳሹን በእጁ ላይ አፈሰሰ፤ አሸተተውም። አልኮል ማንኳኳትን እንደሚከለክል አላጣውም፤ በ1920 ስለ አልኮልና ቤንዚን ድብልቅ የፈጠራ መብት ጠይቆ ነበርና። ነገር ግን አልኮልን ማንም ገበሬ ከእህሉ ሊያወጣው ይችላል፤ የእርሳሱ መብት ግን በኩባንያዎቹ እጅ ነበረ። በ1925 ሽያጩ ለጊዜው ቢታገድም በ1926 እንደ ገና ተፈቀደ።

ሚጅሊ ብዙ ሽልማትና ክብር አገኘ። በ1940 የፖሊዮ በሽታ እግሮቹን አሰነፈው። ከአልጋ የሚያነሣው የገመድና የመዘውር መሣሪያ ለራሱ ሠራ፤ በ1944 በ55 ዓመቱ በዚያው ገመድ ታንቆ ሞቶ ተገኘ።

ቤንዚኑ ግን ከእርሱ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። ጉዳቱ ከፒስተኑ ወጥቶ ወደ ሕፃናት ደም ገባ፤ እርሳስ የልጅን አእምሮ ያደክማልና። በጨፋ ሮቢት መንገድ ዳር ቆመው መኪና የሚያዩ ልጆችም ከዚያ ጢስ ድርሻቸውን ተቀብለዋል። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች፥ አገራችንም ጭምር፥ በእርሳስ የተቀላቀለ የመኪና ቤንዚን የተዉት እስከ 2006 መግቢያ ባለው ጊዜ ነው፤ በመጨረሻ አልጄሪያ በ2021 ተወችው። የሚደንቀው፥ በ2008 በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የጀመረው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኤታኖል ነው። ይህም ሚጅሊ በወጣትነቱ ያወቀው አልኮል መሆኑ ነው።

ሚጅሊ ሰነፍ አልነበረም፤ ክፉም ነበረ ለማለት አንደፍርም። የተጠየቀውን ጥያቄ በሚገባ መለሰ፤ መልሱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ግን ሠራተኞቹ ሲሞቱ እያየ እንኳ አልጠየቀም። እኛም ነገ በየላቦራቶሪውና በየመሥሪያ ቤቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ይቀርብልናል። ያን ጊዜ ድምፁ ጸጥ ማለቱን ብቻ ሳይሆን፥ ጉዳቱ ወዴት እንደ ሄደም እንመርምር።