አሚር አብዱላሂና የእንግሊዝ ወዳጅነት

እኛ የድሬዳዋ ሰዎች የሐረርን የመጨረሻ አሚር፣ አብዱላሂን፣ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳቸው ከጨለንቆ ሽንፈት ጋር ነው። እኔ ግን የእንግሊዝ ድርሻ ተዘንግቷል ባይ ነኝ።

አባታቸው አሚር ሙሐመድ የተገደሉት ግብጾች በ1875 እ.ኤ.አ. ሐረርን በያዙ ጊዜ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ግብጽን የተቆጣጠረችው እንግሊዝ የግብጽን ጦር ከሐረር አስወጥታ ሥልጣኑ ለአብዱላሂ እንዲመለስ አደረገች። የተወችላቸው ግን ጥቂት መቶ የሠለጠኑ ወታደሮችን፣ ጠመንጃዎችንና ጥቂት መድፎችን ብቻ ነበር። ዘይላንና በርበራን፣ ማለትም የሐረርን ንግድ በሮች፣ ለራሷ አስቀረች።

አባቱ በባዕድ ጦር የሞተበት ሰው ባዕዳንን ቢጠራጠር አይገርምም። በ1886 ከከተማችን በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ጀልዴሳ የጣሊያናዊው ፖሮ የጉዞ ቡድን ተገደለ፤ ገዳዮቹም የአሚሩ ሰዎች ናቸው ተባለ። ምኒልክ ለዘመቻቸው ምክንያት አገኙ። በ1887 መጀመሪያ የጨለንቆ ጦርነት ሲመጣ ሥልጣኑን ያስረከበችው እንግሊዝ አንድም ወታደር አልላከችም።

አሚሩ ሸሽተው ቆይተው ወደ ሐረር ተመለሱ፤ የቀረ ዘመናቸውንም በዲን ትምህርት አሳለፉ። ዙፋን የሰጠ ሁሉ ዙፋን አይጠብቅም። አላህ ይዘንላቸው።