ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና ማሲንቋቸው

ማሲንቆ ያላየ የአገራችን ሰው ጥቂት ነው። በሠርግ ቤት፣ በጠላ ቤት፣ በበዓል ቀንም ከመንገድ ዳር እናገኘዋለን። መቼም ልማድ ሆኖ ድምፁን እንወዳለን እንጂ መቺውን በክብር አናይም፤ አዝማሪ የሚለው ቃል እንደ ስድብ ሲነገር ስንት ዘመን ሰምተናል! ዛሬ ሕይወታቸውን በአጭሩ የምናቀርበው ሰው ግን ማዕርግም ማሲንቆም የነበራቸው ናቸው።

ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. በሸዋ፣ በምንጃር ተወለዱ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አድገው በግጥም ችሎታቸው፣ በተለይም በሰምና ወርቅ አዋቂነታቸው ታወቁ። ግጥማቸውንም በማሲንቆ እያጀቡ ያዜሙ ነበር። በዚያን ጊዜ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የለም፤ ኖታም የለም። ማሲንቆ የሚለመደው ከአዋቂ አጠገብ ተቀምጦ፣ ጣቱን እያዩ፣ ድምፁን በጆሮ እየያዙ ነበር።

ታዲያ ይህ መሣሪያ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዋንዛን የመሰለ ለመጥረብ የሚመች እንጨት ተጠርቦ አራት ማዕዘን ሣጥን ይሠራል፤ ሣጥኑም ቆዳ ይለብሳል። ረጅም አንገት ይሰካለታል፤ ከጫፉ ላይ መቃኛ ይገባል። ክሩ ከፈረስ ጭራ ነው፤ የደጋኑም ክር እንዲሁ። ክሩን ከቆዳው ከፍ አድርጋ የምትይዘው ትንሽ እንጨት ንዝረቱን ወደ ቆዳው ታስተላልፋለች። ደጋኑ ላይ ሙጫ ካልተቀባ ጭራው ጭራውን አይዝም፤ ስለዚህ ድምፅ የለም። አዝማሪው ብዙውን ጊዜ ማሲንቆውን ራሱ ይሠራል፤ ቢሰበርም ራሱ ይጠግናል። መሣሪያውን የሠራ ሰው ድምፁ ለምን እንደ ጎረነነ ወይም እንደ ቀጠነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ችግሩ የሚመጣው መምታት ሲጀመር ነው። ቫዮሊን አራት ክሮች አሉት፤ ማሲንቆ አንድ ብቻ። ሁለቱም ግን በአንገታቸው ላይ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚያሳይ ምልክት የላቸውም። ማሲንቆ ደግሞ ይብሳል፤ ክሩ በጣት ይነካል እንጂ አንገቱ ላይ ተጭኖ አይያዝም። ጀማሪው መጀመሪያ ያስጮኸዋል፤ ቤተሰብም ይማረራል። አንድ ቀን ግን ጣቱ ራሱ ቦታውን ያገኛል፤ ትዝታው ትዝታ፣ ባቲውም ባቲ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚሰማውን ደስታ የሞከረ ያውቀዋል።

ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ተሰማ ጀርመን አገር ደርሰው ነበር። የተላኩት ለዘፈን አልነበረም፤ አውቶሞቢል ለአገራችን ገና እንግዳ ነበርና የመኪና ሥራ እንዲማሩ ነው። ለመኪና የሄዱት ሰው በርሊን ላይ ዘፈኖቻቸውን አስቀረጹ፤ እነዚህም የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ዘፈን ሸክላዎች ለመሆን በቁ።

በዚያ ዘመን ሸክላ የሚቀረጸው ያለ ማይክሮፎን ነበር። ዘፋኙ ከትልቅ የመለከት አፍ ፊት ያዜማል፤ ድምፁ ከመለከቱ ጫፍ ያለውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘው መርፌም በሚሽከረከር ሰም ላይ መስመር ይጭራል። የማሲንቆው ቆዳ ሲንቀጠቀጥ የመሣሪያውም ሽፋን አብሮ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። አንዱ የሸክላ ፊት የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቀው ጨዋታ በዚያች ጊዜ ማለቅ ነበረበት። እነዚያ ድምፆች ከመቶ ዓመት በኋላ በሲዲ ታትመው ዛሬም ይደመጣሉ።

ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ሲይዙ ተሰማ የቅርብ ባለሟላቸው ሆኑ፤ ነጋድራስም ተባሉ። ልጅ ኢያሱ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ እንደ ነበሩ አንባቢ ያስታውሳል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ በወሩም አባታቸው በሰገሌ ጦርነት ድል ሆኑ። በዚህ ምክንያት ነጋድራስ ተሰማም የነበራቸውን ሥልጣን አጡ። ሹመት ይሻራል፤ ሙያ ግን ማን ሊሽረው! ባለቅኔው ተሰማ እስከ ዕለተ ሞታቸው በሰው አፍ ላይ ኖሩ።

ያረፉት በ1957 ዓ.ም. ነው። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ በእግር ኳስ ስሙን ያስጠራ፣ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ያሠለጠነ፣ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆነ ነው። አባት በማሲንቆ፣ ልጅ በኳስ፤ ሁለቱም ሌላው እንደ ጨዋታ ብቻ በሚያየው ሥራ አገር አስጠሩ።

እኛ የነገ መምህራን ከዚህ ምን እንማር? የምንኖረው አንዱ የአገራችን ቅኝት በስሟ ከሚጠራው ከባቲ ጎረቤት ነው። ማሲንቆ በአማራውም በኦሮሞውም ዘንድ ይመታል። ቆዳው፣ እንጨቱና የፈረስ ጭራው ከደዋ ጨፋም ከአርጡማም አይጠፋም። አንድ ማሲንቆ ከተማሪዎች ጋር ብንሠራ የሣጥኑ ማዕዘን ሒሳብ ያስተምረናል፤ የክሩ ንዝረት ሳይንስ፤ ቅኝቱም ሙዚቃ። የመርጃ መሣሪያ የለም እያልን እጃችንን አጣጥፈን ከምንቀመጥ መጥረቢያና ቢላዋ እናንሳ። ከሁሉ በላይ፣ በክፍላችን የአዝማሪ ልጅ ቢኖር ባባቱ ሙያ ሲሰደብ ዝም አንበል። ነጋድራሱ ያላፈሩበትን ማሲንቆ ልጁ የሚያፍርበት ምክንያት የለም።