ፍሪድሊብ ሩንገ፦ ካፌይንን ያገኘው ሰው እና የፈንገስ ክኒን የሚወስድ ቡና ጠጪ

ሐኪም ለጥፍር ፈንገስ ወይም ለራስ ቆረቆር የሚዋጥ ክኒን አዞልዎት ከሆነ፣ ቡናዎን መተው ይኖርብዎት እንደሆነ ማሰብዎ አይቀርም። ክረምት ላይ ውሃ በሚተኛበት የተፍኪ ሜዳ እግሩ ከጭቃ የማይወጣ ገበሬ የእግር ፈንገስን በደንብ ያውቀዋል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው ቡናም የሚያልፈው በዚያው በተፍኪና በሰበታ መንገድ ነው። ስለዚህ ቡናውም ክኒኑም አንድ ቤት ውስጥ መገናኘታቸው የተለመደ ነው። መልሱ በአጭሩ ይህ ነው፦ አብዛኛው ሰው ቡና መተው አያስፈልገውም፤ መቀነስ ግን ሊያስፈልገው ይችላል። ምክንያቱን ለመረዳት ካፌይንን ከቡና የለየውን ሰው ሕይወት ማወቅ ይጠቅምዎታል።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ እ.ኤ.አ. በ1794 በጀርመን አገር በሃምቡርግ አቅራቢያ ተወለደ። አባቱ የሉተራን ቄስ ነበሩ። በወጣትነቱ ሉቤክ ከተማ በሚገኝ መድኃኒት ቤት ገብቶ ሙያውን ተማረ። አንድ ቀን ቤላዶና ከሚባል ተክል መድኃኒት ሲያዘጋጅ ጠብታው ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ የዓይኑም ብሌን ሰፋ። ይህ ተክል ከአገራችን አስተናግር ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ሩንገ ነገሩን እንደ ተራ አደጋ አላለፈውም። ጥቂት የተክል ጭማቂ በሰውነት ላይ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣው እንዴት እንደሆነ ማጥናት ጀመረ።

በኋላም በበርሊን፣ በጎቲንገንና በየና ሕክምና ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1819 በየና በዶክተርነት ተመረቀ።

ከቡና ፍሬ እስከ ካፌይን

በየና ያስተማረው ኬሚስቱ ዶበራይነር ስለ ተማሪው ሥራ ለታዋቂው ባለቅኔ ለጎተ ነገረው። ሩንገም ድመት ይዞ ጎተ ዘንድ ቀረበ፤ የቤላዶና ጭማቂ የአንዱን ዓይኗን ብሌን እንዴት እንዳሰፋው አሳየው። ጎተ በሙከራው ተደስቶ የቡና ፍሬ ሰጠውና እንዲመረምረው አሳሰበው። 

ሩንገ ብዙ ሳይቆይ ከፍሬው ነጭ፣ መራራ ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ፤ ግኝቱንም እ.ኤ.አ. በ1820 አሳተመ። ዛሬ ካፌይን የምንለው ይህ ነው። መነሻው ኢትዮጵያ የሆነው ቡና ከጣዕምና ከመዓዛ ሌላ በሰውነት ላይ የሚሠራ ንጥረ ነገር እንዳለው በዚህ መንገድ ታወቀ።

ሁለተኛው ግኝትና የመጨረሻ ዘመኑ

ሩንገ በብረስላው ካስተማረ በኋላ በበርሊን አቅራቢያ ባለችው በኦራኒየንቡርግ የኬሚካል ፋብሪካ ተቀጠረ። እዚያም እ.ኤ.አ. በ1834 ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ፌኖልን ለየ። ሊስተር የተባለው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ ቁስል እንዳያመረቅዝ የተጠቀመበት ይህንኑ ፌኖል ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በቆዳ ፈንገስ ላይ ይቀባ በነበረው ቀይ የካስቴላኒ መድኃኒት ውስጥ ገባ። እንግዲህ ካፌይንም፣ የቀድሞዎቹ ሐኪሞች ፈንገስን የተዋጉበት ፌኖልም በአንድ ሰው እጅ የተገኙ ናቸው።

ሩንገ ግን ከሥራው አልበለጸገም። እ.ኤ.አ. በ1852 ከፋብሪካው ተሰናበተ። ትዳር ሳይዝ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 በኦራኒየንቡርግ በድህነት ሞተ።

ካፌይንና የፈንገስ ክኒን ሲገናኙ

ሩንገ በሕይወት ሳለ ያልታወቀው ነገር ሰውነት ካፌይንን የሚያስወግድበት መንገድ ነው። ሥራው በዋናነት የጉበት ነው። በጤነኛ ጎልማሳ የጠጡት ካፌይን ግማሹ የሚወገደው በ5 ሰዓት ገደማ ነው።

አንዳንድ የፈንገስ ክኒኖች ይህን ሥራ ያዘገያሉ። ተርቢናፊን ካፌይን ከሰውነት የሚወገድበትን ፍጥነት ወደ 20 በመቶ፣ ፍሉኮናዞል ደግሞ ወደ 25 በመቶ ይቀንሳሉ። ስለዚህ እንደ ወትሮዎ አቦል፣ ቶናና በረካ ቢጠጡም ካፌይኑ በደምዎ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በዚህ የተነሳ የሚከተሉት ሊታዩብዎት ይችላሉ፦

• የልብ ምት መፍጠን
• የእጅ መንቀጥቀጥ
• እንቅልፍ ማጣት
• መረበሽ

ምን ማድረግ ይኖርብዎታል?

• ክኒኑን በራስዎ አያቋርጡ። በተርቢናፊን የእጅ ጥፍር ሕክምና ብዙውን ጊዜ 6 ሳምንት፣ የእግር ጥፍር ደግሞ 12 ሳምንት ይወስዳል። ልቤ ፈጠነ ብለው መሀል ላይ ካቆሙት ፈንገሱ ሊመለስ ይችላል። መጀመሪያ የሚቀነሰው ቡናው ነው።
• ከላይ የተጠቀሱት ምልክቶች ከታዩብዎት የስኒውን ቁጥር ይቀንሱ፤ ከሰዓት በኋላ አይጠጡ። ሻይና ኮካም ካፌይን እንዳላቸው ያስታውሱ።
• ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የልብ ምት መዛባት ካለብዎት፣ ወይም ለአስም ቴዎፊሊን ወይም አሚኖፊሊን የሚወስዱ ከሆነ ክኒኑን ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪምዎ ይናገሩ። ቴዎፊሊን የካፌይን የቅርብ ዘመድ በመሆኑ እነዚሁ ክኒኖች እሱንም በሰውነት ውስጥ ሊያቆዩት ይችላሉ።
• ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ ወይም ከባድ ድካም ከተሰማዎት በቡናው አያሳብቡ። ክኒኑ ጉበትን የመጉዳቱ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

የመድኃኒት ባለሙያው ሌላ ምን እንደሚወስዱ ሲጠይቅዎት ብዙ ጊዜ ቡናን ሳይቆጥሩ ይቀራሉ። ካፌይን ግን በሰውነት ላይ የሚሠራ ንጥረ ነገር እንደሆነ ከሩንገ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። በቀን ስንት ስኒ እንደሚጠጡም ለባለሙያው ይንገሩ።