ዳግማዊ ምኒልክ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ (የልደት ስማቸው ሣህለ ማርያም፤ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. – ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም.) መጀመሪያ የሸዋ ንጉሥ፣ ኋላም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት በዓድዋ ድል ነው። ከድሉ በኋላ ባሉት ዓመታት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በድንበር ጸጥታና በጋራ ዘመቻ የተባበሩበት ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ተዘሎ ይታለፋል።

== ወጣትነት ==

ምኒልክ የተወለዱት በሸዋ፣ አንጎለላ ነው። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ልጁ ምኒልክም ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን ዙፋን መለሱ። በ1870 ዓ.ም. ለአፄ ዮሐንስ ገብረው የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸደቀላቸው።

== እንጦጦ ==

በ1870ዎቹ ዓ.ም. ምኒልክ ዋና ከተማቸውን በእንጦጦ ተራራ ላይ አደረጉ። ቦታው ለጦር ሠፈር የተመቸ ነው፤ ከአናቱ ላይ ሆኖ ዙሪያውን ሁሉ ማየት ይቻላል። ለኑሮ ግን አስቸጋሪ ነበር፤ ብርዱ ይጠናል፣ ማገዶም እያለቀ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውሃው አጠገብ ያለውን ሜዳ መርጠው አዲስ አበባ ካሉት በኋላ ቤተ መንግሥቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ዘውድ የጫኑት ግን እዚያው ተራራ ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው።

ከዓድዋ በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ወደ አዲሱ ከተማ ጎረፉ። ምኒልክም ከእንጦጦ ግርጌ፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው በኩል፣ ለሌጋሲዮኖቻቸው ሰፋፊ ቦታ ሰጧቸው። የእንግሊዝና የሩሲያ ኤምባሲዎች አሁንም እዚያው ናቸው፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚለው የሰፈር ስምም የመጣው ከዚሁ ነው።

== ከመሐዲስቶች ጋር የነበረው ሁለት ገጽታ ==

የሱዳን መሐዲስቶች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥለዋል፤ አፄ ዮሐንስም በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከእነሱ ጋር ሲዋጉ ወድቀዋል። እንግሊዝ በ1889 ዓ.ም. ሬኔል ሮድን ወደ አዲስ አበባ ስትልክ አንዱ ዓላማዋ ምኒልክ ከመሐዲስቶች ጋር እንዳይወዳጁ ማድረግ ነበር። በግንቦት ወር በተፈረመው ውል ምኒልክ መሐዲስቶችን የመንግሥታቸው ጠላት ብለው ቆጠሩ፤ የጦር መሣሪያም በአገራቸው በኩል እንዳያልፍላቸው ቃል ገቡ። ይሁንና በዚያው ጊዜ ከኸሊፋ አብዱላሂ ጋር መልእክተኛ ይለዋወጡ ነበር። ነገሩ ክህደት ይመስላል። ነገር ግን በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ከኢጣልያ ጋር የደረሰባቸውን ያየ ሰው አንድ ወዳጅ ላይ ብቻ አለመደገፋቸው አይገርመውም። በነሐሴ 1890 ዓ.ም. እንግሊዞች ኦምዱርማንን ሲይዙ ጥያቄው በራሱ ተዘጋ።

== የኦጋዴን የጋራ ዘመቻ ==

የሮድ ውል የኢትዮጵያንና የእንግሊዝ ሶማሌላንድን ወሰንም ያሰመረ ነበር። በመካከሉ ከብት የሚያሰማሩትን የሶማሌ ጎሳዎች ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ብዙም ሳይቆይ ሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን የደርቪሾችን ጦር አሰባስበው ተነሡ። እንግሊዞች «እብዱ ሙላ» ይሏቸው ነበር፤ ሶማሌዎች ደግሞ እንደ ታላቅ ባለቅኔና አርበኛ ያስቧቸዋል። በመጋቢት 1892 ዓ.ም. ደርቪሾች በጅጅጋ የኢትዮጵያን ጦር ሠፈር አጠቁ። ከዚያ አስቀድሞ የምኒልክ ወታደሮች በኦጋዴን ብዙ ከብት ነድተው እንደነበር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። አጥቂዎቹ በጥይት ብዙ ሰው አልቆባቸው ተመለሱ።

እንግሊዝና ኢትዮጵያ የተባበሩት ከዚህ በኋላ ነው። የሐረርጌው ገዢ ራስ መኰንን ነበሩና የኢትዮጵያ ጦር ከሐረር ተነሣ፤ በ1893 ዓ.ም. የዘመተው ጦር ብዛት 15,000 ገደማ እንደነበር ይነገራል። ዕቅዱ ቀላል ነበር፤ እንግሊዞች ከሰሜን ሲገፉ ኢትዮጵያውያን በስተ ምዕራብና ደቡብ የሰይዱን መሸሻ ይዘጋሉ። የእንግሊዝ መኮንኖችም ከኢትዮጵያ ጦር ጋር አብረው ተጓዙ። በ1895 ዓ.ም. ኮሎኔል ሮችፎርት ይህን ሥራ ይዞ ነበር። በወረቀት ላይ ያማረው ዕቅድ ምድር ላይ በውኃ ጥም ተፈተነ። የደጋ ሰው የሆነው ወታደር ከጉድጓድ እስከ ጉድጓድ ቀናት በሚያስኬድ በረሃ ውስጥ በሙቀትና በበሽታ ተሠቃየ፤ ጠላቱ ግን በግመል ተነሥቶ ይሰወራል።

በዚያው ዓመት እንግሊዞች በኢጣልያ ጥበቃ ሥር በነበረችው በኦብያ በኩል ጦር አወረዱ። ከዓድዋ በኋላ ሰባት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ኢጣልያና ምኒልክ በአንድ ዘመቻ ላይ በአንድ ወገን ተሰለፉ ማለት ነው። የሆነው ሆኖ በሚያዝያ ወር ጉምቡሩ ላይ አንድ የእንግሊዝ ጦር ክፍል ተደመሰሰ። ጥር 1 ቀን 1896 ዓ.ም. ጂድባሊ ላይ ደርቪሾች ክፉኛ ተመቱ፤ ሰይዱ ግን አልተያዙም። በ1897 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ተዋውለው በኑጋል ተቀመጡ።

ምኒልክ ከዚህ ትብብር ምን አተረፉ? ኦጋዴን ላይ ያላቸውን ይዞታ ጎረቤቶቻቸው በተግባር አወቁላቸው። ወዳጅነቱ ግን ዋስትና አልሆነም። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ሎንዶን ላይ ኢትዮጵያን በጥቅም ክልል የሚከፋፍል ውል ተፈራረሙ። ምኒልክ ሲነገራቸው ስለ ማሳወቃቸው አመስግነው፣ ውሉ ሉዓላዊ ሥልጣናቸውን እንደማይነካ አስታወቁ።

== የመጨረሻ ዓመታት ==

በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ሕመማቸው ጸንቶባቸው ከመንግሥት ሥራ ራቁ፤ በ1906 ዓ.ም. አረፉ። ልጅ ኢያሱ የአያታቸውን መንገድ ገልብጠው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሰይድ መሐመድ ጋር ተወዳጁ። ምኒልክ መሬት የሰጧቸው የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖች ተቃውሟቸውን በጋራ አቀረቡ፤ መኳንንቱም መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። ሰይዱ በ1912 ዓ.ም. በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ተደብድበው ወደ ኦጋዴን ሸሹ፤ በቀጣዩ ዓመትም ኢሚ ላይ በሕመም ሞቱ።