እቴጌ ጣይቱ፥ ከቁርባን እስከ መቃብር



የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ስም ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምናስታውሰው ዐድዋን ነው። የራሳቸውን ጦር ይዘው መዝመታቸውን፥ በመቀሌም ጠላት ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ ማስያዛቸውን ታሪክ መዝግቦታል። እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሌላው ተጋድሏቸው ነው። ይህኛው የተፈጸመው በጦር ሜዳ ሳይሆን በአንድ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ነው።

ጣይቱ ግእዝ የተማሩ፥ በገና የሚደረድሩ፥ ቤተ ክርስቲያንን የሚወዱ ሴት ነበሩ። በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል አንኮበር መድኃኔ ዓለም ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር በሥጋ ወደሙ ተጋቡ። እዚህ ላይ እውነቱን መሸሸግ አይገባም፤ ሁለቱም ከዚያ በፊት ትዳር ይዘው የፈቱ ነበሩ። በዚያ ዘመን መኳንንቱ በሰማንያ ይጋቡና ነገሩ ሳይስማማቸው ሲቀር ይፋቱ ነበር። የቁርባን ጋብቻ ግን መፍቻ ስለሌለው ብዙ ሰው ይፈራው ነበር። እንግዲህ ሁለቱ በዚያ ቀን የመመለሻውን በር በፈቃዳቸው ዘጉ።

ኪዳኑም ተፈተነ። ልጅ አልወለዱም። አልጋ ወራሽ ለሚሻ ንጉሥ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ሆኖም ምኒልክ ሌላ ሚስት አላገቡም። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ከነገሡ በኋላ በሁለተኛው ቀን ጣይቱም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ንጉሡ ይታመሙ ጀመር። በ1902 ዓ.ም. ሕመሙ ጸንቶ አካላቸው ሰለለ፥ አንደበታቸውም ተያዘ። በዚህ ጊዜ እቴጌይቱ የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው ስላስገቡ መኳንንቱ ተነሡባቸው። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ወጥተው ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ተወሰነባቸው።

ወንድሞችና እኅቶች፥ እስቲ ይህን እናስብ። ለወሰኑት ሰዎች ነገሩ ሽረት ነበር። ለጣይቱ ግን አንኮበር ላይ የገቡት ቃል ኪዳን ነው። ሥልጣን ሄደ፥ ከበሬታ ቀነሰ፥ ባላቸውም እንደ ቀድሞው ሊያጫውቷቸው አልቻሉም። እርሳቸው ግን ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ፥ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው፥ ከአጠገባቸው አልተለዩም።

ከዚያ በኋላ ወደ እንጦጦ ወጡ። ዘውድ በጫኑበት ደብር አጠገብ እየጸለዩ ኖረው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ አዲስ አበባ በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከባለቤታቸው ጋር ዐርፈዋል።

እኛ ወጣቶች ስለ ትዳር ስንጨዋወት ብዙ ጊዜ የምናነሣው የሠርጉን ቀን ነው። ስለ አገልግሎትም ስናወራ የበዓሉን ቀን፥ ነጭ ለብሰን የምንዘምርበትን እናስባለን። ይሁን እንጂ ባል ወይም ሚስት የሚታመሙበት ቀን አለ፤ በመዘምራን መካከል አለመግባባት የሚገባበት፥ ማንም የማያመሰግነን ሰንበትም አለ። ያን ጊዜ ከስፍራችን እንገኛለን ወይ? ለሥጋ ወደሙ የቀረበ ሁሉ ይህን አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። እቴጌ ጣይቱ መልሱን በኑሯቸው ሰጥተዋል። ለእኛም ጽናቱን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።

ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አባል