ተሸንፎ ወደ ተጋጣሚው መልበሻ ክፍል የገባው ኮከብ

የተሸነፈ ቡድን ኮከብ ከጨዋታ በኋላ ምን ያደርጋል? አንዱ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፤ ሌላው ዳኛውን ይረግማል። የዛሬው ባለታሪካችን ሆቢ ቤከር ግን ሌላ ነገር አደረገ።

ጊዜው ጃንዋሪ 24 ቀን 1914 ነው (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቦታው አሜሪካ፣ ቦስተን አሬና። የሚጋጠሙት ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ ባላንጣዎች፣ ሀርቫርድና ፕሪንስተን፤ ጨዋታው ደግሞ የበረዶ ላይ ሆኪ ነው።

የቦስተን ሰው ሀርቫርድን ቢደግፍም አይኑ ግን ከፕሪንስተኑ ቤከር ላይ አልተነቀለም። ያኔ በአንድ ወገን የሚሰለፉት 7 ተጫዋቾች ሲሆኑ ሰባተኛው “ሮቨር” ይባላል፤ ቦታ የለውም፣ እንዳሻው ይዞራል። ቤከር ሮቨር ነበር። ከገዛ ጎሉ ጀርባ ዞሮ ፍጥነት ይሰበስብና ጠፍጣፋዋን የጎማ ፓክ እየገፋ ሲመጣ ተመልካቹ ከመቀመጫው ብድግ ይላል።

ጨዋታው ግን አልበገር አለ። መደበኛው ሰዓት አለቀ፤ ጭማሪ ተሰጠ፤ 73 ደቂቃ ድረስ ተጓተተ። እስከዚያን ቀን ይህን ያህል የረዘመ የኮሌጅ የሆኪ ጨዋታ አልነበረም። በመጨረሻ ሀርቫርድ 2ለ1 አሸነፈ። የማሸነፊያዋን ጎል ያስቆጠረው ሌቨረት ሳልተንስታል ሲሆን፣ ይህ ሰው ከጊዜ በኋላ የማሳቹሴትስ አገረ ገዢና ሴናተር ሆኗል።

ቤከርስ? ላቡ ሳይደርቅ ወደ ሀርቫርድ መልበሻ ክፍል ገብቶ እያንዳንዱን ተጫዋች ጨበጠ! ለይስሙላም አልነበረም፤ በዚያ የመጨረሻ የኮሌጅ ዓመቱ ከሌሎች ጨዋታዎች በኋላም ይህንኑ አድርጓል።

ሆባርት ቤከር የተወለደው በ1892 በፔንሲልቫኒያ ነው። በ11 ዓመቱ ከወንድሙ ከቶርንተን ጋር ኒው ሃምፕሻየር ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከና በረዶ ላይ መንሸራተቱን እዚያ ተካነ። በ1907 የአሜሪካ ገንዘብ ሲናወጥ የቤተሰቡም ኪስ ሳሳ። ሁለቱንም ልጆች ኮሌጅ መላክ ስላልተቻለ ቶርንተን ዕድሉን ለወንድሙ ለቀቀለት። ፕሪንስተን የገባው እንግዲህ በወንድሙ መስዋዕትነት ነው። እዚያም በሆኪው ብቻ ሳይወሰን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ አምበል ለመሆን በቃ።

በ1914 ተመርቆ ኒውዮርክ በሚገኘው የጄ.ፒ. ሞርጋን ባንክ ተቀጠረ። ሆኪውን ለሴንት ኒኮላስ ክለብ በአማተርነት ቀጠለ እንጂ በገንዘብ ተጫወት ሲባል አሻፈረኝ ብሏል። ለእሱ ስፖርት የሚሸጥ ነገር አልነበረም።

አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ፈረንሳይ ዘመተ። የ141ኛው ስኳድሮን አዛዥ ሲሆን አውሮፕላኖቹን በፕሪንስተን ቀለማት፣ በብርቱካናማና በጥቁር አስቀባቸው። ልቡ ከሜዳው አልወጣም ነበር ማለት ነው።

ጦርነቱ በኖቬምበር 1918 አበቃ። ዲሴምበር 21 ቀን ቤከር ወደ አገሩ የሚመለስበት ትዕዛዝ ደርሶት ሳለ፣ ቱል ከተባለው ቦታ አንድ የመጨረሻ በረራ ላድርግ አለ። የተነሳው ገና ከጥገና በወጣች አውሮፕላን ነበር። ብዙም ሳይርቅ ሞተሩ ቀጥ አለ፤ አውሮፕላኗ ተከሰከሰች። ከጥይት የተረፈው ሰው በ26 ዓመቱ በሰላም ቀን ሞተ።

ስሙ ግን አልሞተም። የፕሪንስተን የበረዶ ሜዳ በስሙ ተጠርቷል። ከ1981 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ የኮሌጅ ሆኪ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመው የሆቢ ቤከርን ሽልማት ነው። ለዚህ ሽልማት ጎል ማግባት ብቻውን አይበቃም፤ ጨዋነትም ይመዘናል። ያን ቀን በቦስተን ጎሉ የሀርቫርድ ነበር፤ ጨዋነቱ ግን የቤከር።