ማይነር ያልነው ትምህርት እና ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ

ለዚህ መጽሔት አንድ ነገር እንድጽፍ ስጠየቅ፣ ለቡ መብራት ኃይል ከሚገኘው ቤቴ ቁጭ ብዬ የድሮውን የውጤት ወረቀቴን አወጣሁ። ሜጀር አማርኛ፣ ማይነር ፔዳጎጂ ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ስለ ቤተሰብ የሚያስተምር አንድ ኮርስ አለ። እውነቱን ለመናገር ያንን ኮርስ የወሰድኩት ውጤት አይከብድም ስለተባለ ነው። መቼም ስንገናኝ ራሳችንን የምናስተዋውቀው በሜጀራችን ነው፤ ማይነሩን ማን ያነሳዋል? እኔ ዘንድሮ ላነሳው ነው። የማነሳውም በአንዲት ታላቅ መምህር ሕይወት በኩል ነው።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በጥር ወር 1908 ዓ.ም. አዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በውጭ አገር የተማሩ፣ በመንግሥት ሥራ ስማቸው የታወቀ ሰው ነበሩ። ሴት ልጆቻቸውንም ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ላኩ። በዚያ ዘመን ይህ እንደ ዘበት የሚታለፍ ነገር አልነበረም። ወይዘሮ ስንዱ ተምረው ሲመለሱ ወለጋ ነቀምት ወርደው መምህርነት ያዙ። እንግዲህ አውሮፓ የተማረች ወጣት ሴት ከከተማ ርቃ ሕፃናት ልታስተምር ስትሄድ አስቡት።

ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ወረራ መጣ። ወይዘሮ ስንዱ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ኋላ ተይዘው አዚናራ ወደምትባለው የጣሊያን የእስረኞች ደሴት ተወሰዱ። ቤተሰባቸውም ከግዞት አልተረፈም።

ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትን በኃላፊነት መሩ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ የሕይወታቸው ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ አዳሪ ተማሪዎች ነበሩት። ልጃገረድን ከቤት አውጥቶ ለሌላ ሰው አደራ መስጠት ለብዙ ወላጅ በሚከብድበት ጊዜ፣ የአዳሪ ትምህርት ቤት ኃላፊ አስተማሪም ወላጅም ነች። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ደብተሯን ዘግታ ስትወጣ ኃላፊነቱ አያልቅም፤ ታማለች፣ ትናፍቃለች፣ ከቤት ጠያቂ ይመጣባታል። ወይዘሮ ስንዱ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት እየጻፉ መድረክ ላይ ያወጧቸው ነበር። የልቤ መጽሐፍ የተባለው ሥራቸውም በ1942 ዓ.ም. ታተመ። ለልጃገረድ አንገት መድፋት ጨዋነት ተብሎ በሚታይበት አገር፣ ሰው ፊት ቆሞ ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ በተደረገው ምርጫ፣ በ1950 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተመርጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገቡ። የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ፤ ለምክትል ፕሬዚዳንትነትም በቁ። እሳቸው በምክር ቤት ባሉበት ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። ያ ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ነበር። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ደግሞ 15 ዓመት ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ተመርቄ ሰሜን ሸዋ አንዲት ትንሽ ከተማ ተመድቤ የዘጠነኛ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ፊት ለፊት የምትቀመጥ ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። ከፋሲካ በኋላ ቀረች። ጓደኞቿ ተዳረች አሉኝ። ዕድሜዋ ገና 15 ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ስም መጥሪያው ላይ ስሟን ሰረዝኩ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ ብዬ አለፍኩ። ቤቷ ከትምህርት ቤቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር። አባቷን ሄጄ ባናግር ኖሮ ምናልባት ምንም ላይለወጥ ይችላል። ግን አልሄድኩም። ያ ያቀለልኩት ኮርስ ሊያስተምረኝ የሞከረው ይህንኑ ነበር፤ ተማሪ ከቤት ነው የሚመጣው፣ የሚመለሰውም ወደ ቤት ነው።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጣ። ባልና ሚስትን በትዳር ውስጥ እኩል አደረገ፤ የጋብቻ ዕድሜንም ለሁለቱም 18 አደረገው። ወይዘሮ ስንዱ ያኔ 84 ዓመታቸው ነበር። ከምክር ቤት በኋላ በምዕራብ ጀርመን በሚገኘው ኤምባሲያችን አገልግለዋል። ያረፉት በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ መሆናቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት መምህር መሆናቸው እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። ትምህርት ቤትና ቤተሰብ በእሳቸው ሕይወት አንድ ሥራ ነበሩ።

ዛሬ በማስተማር ላይ ያላችሁ የግቢያችን መምህራን፣ ተማሪ ኮርስ ሲመርጥ ምክር ይጠይቃችኋል። ውጤት ስለሚሰጥ ብቻ ውሰደው አትበሉት። አንድ ቀን ከፊት ወንበር አንዲት ልጅ ትቀርበታለች፤ ያኔ የሚያስፈልገው ሜጀሩ ላይሆን ይችላል። የኔ ዘመን ተመራቂዎች ደግሞ ለቡ መብራት ኃይል ብትመጡ ቡና አለ። የቀሩብንን ተማሪዎች ስም እየጠራን እናወጋለን።